የፕሮፌሰርን ሐሞት ከረጢት ልናጭ ስንሄድ

ትናንት ማታ ሕልም አየሁ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ እኔ ግን ፈቺ አልፈልግም፣ የሚሰማኝ ሰው ካገኘሁ ይበቃኛል። መጀመሪያ ግን ምን ሆኜ እንደተኛሁ ልንገራችሁ፤ እንዲህ ያለ ሕልም ሰው ከሜዳ ተነስቶ አያይም።

ትርሲት እባላለሁ። ቀዶ ሐኪም ለመሆን የምማር ሬዚደንት ነኝ። ዛሬ ጠዋት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሆድ ሳልከፍት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ረጃጅም መሣሪያ አስገብቼ የሰው ሐሞት ከረጢት ላወጣ ቀጠሮ ነበረኝ። እስከ ትናንት ድረስ የሠራሁት በሲሙሌተር፣ በመለማመጃ ማሽን ነው። መነጽሩን ታጠልቃላችሁ፣ ሁለት እጀታ ትጨብጣላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያላችሁት አንድ ሰውዬ ሆድ ውስጥ ነው። ሰውየው ፊት የለውም፤ ማሽኑ የሠራለት ሆድ ብቻ ነው። እኛ ሬዚደንቶቹ ጋሽ ይርዳው የሚል ስም አወጣንለት። ጋሽ ይርዳውን ስንገድለው "እንደገና ጀምር" የሚል ቁልፍ እንጫናለን፣ እሱም ቅር ሳይለው ይነሳል። እንዲህ ያለ ታካሚ የትም አይገኝም።

ችግሩ የዛሬው ታካሚ ጋሽ ይርዳው አለመሆኑ ነው። ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር ወልደሰንበት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ሆድ በረጅሙ ሲቀድዱ ኖረው፣ የራሳቸው ሐሞት ከረጢት ድንጋይ ሲቋጥር "እኔ በረጅሙ አልቀደድም፤ ጠባሳውን አውቀዋለሁ። ትርሲት በቀዳዳ ታውጣልኝ" አሉ። ትልቅ ሰው ናቸውና እምቢ አይባሉም። አንድ ስፔሻሊስት አጠገቤ ይቆማል ተብሏል፤ ግን ዝምተኛ ሰው ነው። ሲናደድም ዝም፣ ሲደሰትም ዝም።

ፕሮፌሰር አንድ ልማድ አላቸው። ልትቆርጪ መቀሱን ስትከፍቺ "እርግጠኛ ነሽ?" ይላሉ። ትክክል ስትሆኚም ይላሉ፣ ስትሳሳቺም ይላሉ፣ ድምፃቸው አይለወጥም። ያቺ ጥያቄ እጄን ስንት ጊዜ ከጥፋት እንደመለሰችው እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ግን እሳቸው በማደንዘዣ ሊተኙ ነው። ከሐሞት ከረጢት የምትወጣው ቀጭን ቱቦ መቆረጥ አለባት፤ ከጉበት የሚወርደው ዋናው ቱቦ በስሕተት ከተቆረጠ ግን ሰውየው አለቀለት። ሁለቱ ደግሞ ጎረቤታሞች ናቸው። ልሳሳት ስል ማን ይጠይቀኛል እያልኩ ስገላበጥ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ሆስፒታላችን በር ላይ ቆሜያለሁ። ሐኪሞቹ በሙሉ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ካርድ ይዘው፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፈዋል። ታማሚዎቹ ውስጥ ሆነው ሻይ እየጠጡ በመስኮት ያዩናል። አጥሩ ሥር የሐኪም ቤተሰብ ምሳ ዕቃውን ታቅፎ ሣሩ ላይ ተኮልኩሏል። እናቴም አለች፤ ከማላውቃት ሴትዮ ጋር ተቃቅፋ ታለቅሳለች።

"የኔዋ ዛሬ ትገባለች" አለቻት።

"ምን ሆና ነው?"

"ቀዶ ሐኪም ሆና።"

"እግዜር ይማራት" አለች ሴትዮዋ። "የኔም ልጅ እንዲሁ ትንሽ ትንሽ ሲያነብ ነው የጀመረው። ንቀን ተውነው። ይኸው ስፔሻሊስት ሆኖ ቀረ።"

ወረፋዬ ደርሶ በሩ ጋ ስቀርብ ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"የቱ ጋ ነው ደህና የሚሰማሽ?"

"ሁሉም ቦታ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተወለድኩ ጀምሮ።"

"እስከዛሬ ዝም ብለሽ ቤት ተቀመጥሽ?" አለና ራሱን ነቀነቀ። "የተማራችሁት ናችሁ የምትብሱት። ሲጠናባችሁ ነው የምትመጡት።" ካርዴ ላይ ማኅተም መታና አስገባኝ።

ኮሪደሩ ላይ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። በቀዳዳ ስትሠሩ መሣሪያው እንደ ልጆች የሚዛን መጫወቻ ነው፤ እጃችሁ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል፣ እጃችሁ ከፍ ሲል እሱ ዝቅ ይላል። እሱን እስክለምድ አሳሬን አይቻለሁ። በሕልሜ ኮሪደሩ በዚሁ ሕግ ይሠራ ነበር። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የተራመደ ሁሉ ከኦፕራሲዮን ክፍል ይርቃል። እኔ ለምጄዋለሁና እንዳኮረፈ ሰው ጀርባዬን ሰጥቼ፣ እየሸሸሁ ቀረብኩ። ፕሮፌሰር ወልደሰንበት ግን የበሽተኛ ልብስ ለብሰው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ይራመዱ ነበር። በተራመዱ ቁጥር ወደ መኪና ማቆሚያው ይሸሻሉ።

"ፕሮፌሰር፣ ወደ ኋላ ይሂዱ" አልኳቸው።

"እኔ ወደ ኋላ ሄጄ አላውቅም።"

"እዚህ እንደዚያ ካልሆነ አይደረስም።"

"አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?" አሉና አንድ ትልቅ እርምጃ ወደ ፊት ተራመዱ። አጥሩን አልፈው ሄዱ።

ልይዛቸው ብዬ በሮጥኩ ቁጥር ራቅኳቸው። ነጭ ሽበታቸው ከታክሲዎቹ መሐል ብቅ ጥልቅ ሲል አየሁ። ያለ ባለቤቱ ሆዱ ውስጥ ልንገባ ነው ብዬ ተጨነቅሁ፤ ባለቤት በሌለበት ቤት መግባት ነውር ነው።

ሳላውቀው የሲሙሌተር ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። አዲስ ታማሚዎች እየሠለጠኑ ነው። ሁሉም መነጽር አጥልቀዋል፤ እያንዳንዱ በመነጽሩ ውስጥ አንድ ሐኪም ይታየዋል፣ በሱ ላይ ታማሚነት ይለማመዳል። የኦፕራሲዮን ክፍላችን ነርስ ሲስተር ዘቢደር በመሐላቸው እየተዘዋወረች ታርማቸዋለች።

"እንደሱ አይደለም" አለችው አንዱን። "ሐኪሙ ትንሽ ነው የሚቆነጥጥህ ሲልህ አትሳቅ። አምነህ ተኛ።"

"ሲስተር፣ የኔ ሐኪም እጇ ይንቀጠቀጣል።"

"ታዲያ አይዞሽ በላት።"

"አይዞሽ" አለ ታማሚው ወደ ባዶው አየር፣ እንደነገሩ። ማሽኑ ጮኸና ውጤቱን ተናገረ። "ወረፋ መጠበቅ፣ እጅግ በጣም ጥሩ። ማቃሰት፣ ጥሩ። ለሐኪም ማዘን፣ ደካማ። ሐኪሟ ሞታለች።"

"እንደገና ጀምር" አለችው ሲስተር ዘቢደር።

አንድ ሰው ከኋላዬ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ሙሉ ልብስ ለብሶ ጋቢ ደርቧል፣ ከዘራ ይዟል። ፊቱን አላወቅሁትም። የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ጉበቱን ሲያሳየኝ ነው ያወቅሁት።

"ጋሽ ይርዳው" አልኩ። ትልቅ ሰው ነው፤ ግን ሆዱን አገላብጬ ስለማውቀው አንቱ ማለት አልሆነልኝም። "ምን ልታደርግ መጣህ?"

"ሽማግሌ ሆኜ ነው። ሰምቻለሁ፣ የፕሮፌሰሩን ሐሞት ከረጢት ልታወጡ ነው። የሰው ልጅ ከቤቱ ዝም ብሎ ጎትቶ ማውጣት ጠለፋ ይባላል። በወግ በማዕረግ እንጠይቅ።"

"እኔ ስንት ጊዜ ካንተ ሆድ አውጥቻለሁ እኮ።"

"ለዚህ ነው የመጣሁት" አለና ከዘራውን አንስቶ ወደ ኋላ እየሄደ መራኝ።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ አልጋ የለም። የፕሮፌሰር ሆድ ብቻውን፣ እንደ ሰርግ ድንኳን ተወጥሮ መሐል ላይ ቆሟል። በውኑም ለመሥራት እንዲመቸን ሆዱን በጋዝ እንነፋዋለን፤ እንዲህ ወንበር የሚያስገባ ሆኖ ግን አይቼ አላውቅም። በእምብርቱ በኩል አንዲት ትንሽ ክብ በር አለች። በሯ ፊት እኔ፣ ጋሽ ይርዳው፣ ካሜራ የሚይዝልኝ ጓደኛዬ ኢዩኤል፣ ያ ዝምተኛ ስፔሻሊስት ተሰበሰብን።

"ይቅደሙ" አልኩት ስፔሻሊስቱን።

በእጁ ወደ እኔ አመለከተ።

"ኧረ በፍጹም፣ ታላቅ ቆሞ።"

"ጋሽ ይርዳው ይቅደም" አለ ኢዩኤል።

"እኔ የቤት ሰው ነኝ፣ የሆድ ተወላጅ። እንግዳ ይቅደም።"

"በሞቴ።"

"እኔ ልሙት፣ አልቀድምም።"

"እዚህ ክፍል ውስጥ በሞቴ ባትባባሉ ደስ ይለኛል" አለች ሲስተር ዘቢደር ከኋላችን።

እኛ ስንገባበዝ ድንኳኑ አየሩ እየወጣ መርገብ ጀመረ። ጣሪያው አናታችን ላይ ሊያርፍ ሲል ሲስተር ዘቢደር በሁለት እጇ ገፋችን፤ አራታችንም በዚያች ቀዳዳ እኩል ተጨናንቀን ገባን። ኢዩኤል ጫማው ውጪ ቀረ።

ውስጥ የሆድ ዕቃዎቹ በአግዳሚ ወንበር ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሲያዩን "ኖር" ብለው ተነሱ። ጨጓራ ጠግቦ ስለነበር ግማሽ ብቻ ተነሳ። አንጀት ጊዜ ፈጀበት፤ አንዱ ጫፉ ሲነሳ ሌላው ጫፉ ይቀመጣል። በላይኛው ወንበር ካባ የደረቡት ጉበት ናቸው፤ እሳቸውን አንቱ ያላለ እዚያ ሆድ ውስጥ አያድርም ተባልኩ። ከሥራቸው ሐሞት ከረጢት ተሸጉጣ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ጣቷን ትቆለምማለች።

"ተቀመጡ" አሉ ጉበት።

"አንቀመጥም" አለ ጋሽ ይርዳው ከዘራውን ተደግፎ። "ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

"ተቀምጣችሁ ተናገሩ።"

"ቆመን እንናገር።"

"እንግዲያው ተናገሩ።"

ጋሽ ይርዳው ጉሮሮውን ጠረገ። "እዚህ ቤት አንዲት ልጅ እንዳለች ሰምተናል። ጨዋ፣ አንገቷን የደፋች። እሷን ለልጃችን ለብልቃጥ እንድትሰጡን ነው።"

ብልቃጥ ማለት ከሆድ የወጣ ነገር ተጨምሮ ለምርመራ የሚላክባት ጠርሙስ ናት። ጉበት ፊታቸውን ኮሶ አስመሰሉ።

"ሥራው ምንድን ነው?"

"ላቦራቶሪ ነው።"

"ጠባዩስ?"

"አፉን ገጥሞ የሚኖር ልጅ ነው። ከመደርደሪያው ወርዶ አያውቅም።"

"ይጠጣል?"

"ፎርማሊን ብቻ" አለ ጋሽ ይርዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እስከ አንገቱ ነው የሚጠጣው" አለ ጨጓራ ከወዲያ። "አውቀዋለሁ፤ አክስቴን ያገባቸው እሱ ነው።"

ድንኳኑ አጉረመረመ። ጉበት እጃቸውን አነሱ። "ይቺ ልጅ ድንጋይ ከመሰብሰብ በቀር ጥፋት የለባትም። ደግሞስ በየት ልታስወጧት ነው?"

"በእምብርት በኩል ባለችው በር" አልኩ።

"ሙሽራ በጓሮ ቀዳዳ? ዘመድ ምን ይለናል? እልል ተብሎ በዋናው በር ትውጣ እንጂ።"

ያኔ ከሩቅ፣ ከታክሲ ተራው አካባቢ፣ የፕሮፌሰር ድምፅ ተሰማ። "በዋናው በር እንዳይሆን። ጠባሳውን አውቀዋለሁ።" ጉበት የባለቤቱን ድምፅ ሲሰሙ ካባቸውን አስተካከሉ።

"መልካም" አሉ። "ሰጥተናል። ግን አንቺ መቀስ የያዝሽው ልጅ፣ ቀረብ በይ። ማን የማን እንደሆነ ሳይቆጠር እዚህ ቤት መቀስ አይነሳም። እስከ ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ።"

ሁለት ሴቶች ተነስተው ፊቴ ቆሙ። አንዷ የሐሞት ከረጢት ቱቦ ናት፣ አንዷ ዋናዋ ቱቦ፣ የጉበት ልጅ። በማሽኑ ውስጥ አንዷ ቢጫ አንዷ አረንጓዴ ስለሆኑ ዓይኔን ጨፍኜም አልሳሳትም ነበር። እዚህ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነጠላ ተከናንበዋል፤ ፊታቸውን በጥለቱ ሸፍነዋል።

"የሐሞት ከረጢት ቱቦ ማናችሁ?"

"እኔ ነኝ" አለች አንዷ።

"ኧረ እኔ ነኝ" አለች ሌላዋ።

"ኢዩኤል፣ ካሜራውን አቅርብልኝ" አልኩ። ኢዩኤል ካሜራውን ወደ ራሱ አዙሮ ከጨጓራ ጋር ፎቶ ይነሳ ነበር። ስፔሻሊስቱን አየሁት፤ ዝም አለ። ግድግዳውን በዳበሳ ፈለግሁ፣ የወንበሩን ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ።

"ምን ጠፋብሽ?" አለኝ ጋሽ ይርዳው።

"እንደገና ጀምር የሚለው ቁልፍ።"

"እሱ እዚህ የለም። እሱ እኔ ጋ ነው ያለው።" ሸሚዙን ገልጦ እምብርቱን አሳየኝ። ቁልፉ በጣት ብዛት አልቆ፣ ጽሑፉ ጠፍቶ ሰርጉዷል። "እዚህ ስትጫኑኝ እነሳለሁ። ስንት ጊዜ ተነሳሁ። አንድ ቀን ግን እንኳን ለዚህ አበቃህ ያለኝ የለም፤ ወዲያው በመሣሪያ ነው የምትገቡት።"

አፈርኩ። "እንኳን ለዚህ አበቃህ ጋሽ ይርዳው" አልኩት። እንባው መጣና በጋቢው ጠረገ።

ተመልሼ ሴቶቹ ፊት ቆምኩ። ቀስ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ፤ ይቺ ከማን ወጣች፣ ወዴት ትወርዳለች፣ ከማን ጋር ትገናኛለች። ነጠላቸውን በመሣሪያዬ ጫፍ፣ ወደ ግራ ለመግለጥ ወደ ቀኝ እየገፋሁ፣ ጥቂት ጥቂት ገለጥኩ። ሰባተኛው ቤት ስደርስ ገባኝ። በስተቀኝ ያለችው ናት። እፎይ ብዬ መቀሱን ከፈትኩ።

ልክ በዚያች ቅጽበት በሯ ተከፈተች። መጀመሪያ የገባው ጀርባ ነው፤ የበሽተኛ ልብስ፣ ከኋላ ያልታሰረ። ፕሮፌሰር ወልደሰንበት ወደ ኋላ እየተራመዱ ገቡ። ላብ አጥምቋቸዋል።

"ወደ ኋላ ሄድኩ" አሉኝ በጆሮዬ። "ለማንም እንዳትነግሪ።"

"ኖር" አለ ድንኳኑ በሙሉ። ሁሉም ተነሳ። ጨጓራ እንኳ ሙሉ በሙሉ ተነሳ። ጉበት ሲነሱ ወንበሩ ተናጋ፣ አንጀት ተደናቅፎ ተዘረጋ፣ ሁለቱ ሴቶችም ለትልቅ ሰው መንገድ እንለቃለን ብለው ዞር ዞር ሲሉ ተቀላቀሉ። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ጠፋኝ። በአክብሮት ምክንያት ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው አልኩ በልቤ።

"በእግዜር፣ ቁጭ በሉ" አሉ ፕሮፌሰር። "በገዛ ሆዴ ደግሞ ትነሱልኛላችሁ?" ዙሪያውን አዩ። "ሰፊ ነው። ዕድሜ ልኬን የሰው ስከፍት የራሴን አላየሁትም ነበር።" ከጉበት አጠገብ ባዶ ቦታ ነበር፤ ሄደው ተቀመጡና ዓይናቸው ከበደ።

"ፕሮፌሰር፣ አይተኙ። ይጠይቁኝ" አልኳቸው።

"ምን ልጠይቅሽ?"

"ያቺን ጥያቄ።"

"እርግጠኛ..." አሉና አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ። ማንኮራፋት ጀመሩ። ሆዱም አብሮ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር፤ ሁላችንም አብረን ከፍ ዝቅ አልን። ውጪ ብልቃጥ ቆሞ ክዳኑን ያንኳኳል፣ ሙሽራዋ ዘገየችብኝ ይላል። "በይ ልጄ፣ መሸ" አሉ ጉበት። ሁለቱ ነጠላዎች ፊቴ ቆመዋል። መቀሱ በራሱ መጠጋት ጀመረ። ወደ ኋላ ሳብኩት፤ ወደ ፊት ሄደ። የበለጠ ሳብኩት። የብልቃጡ ማንኳኳት ወደ ደወል ተለወጠ፣ እየበረታ፣ እየበረታ ሄደ።

ስልኬ ነበር። ነግቷል። ትራሴን በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ኋላ ስጎትት አገኘሁት። ስልኩን አነሳሁ። ፕሮፌሰር ናቸው፤ ከተኙበት ክፍል።

"ትርሲት፣ ነቃሽ?"

"አቤት ፕሮፌሰር፣ ነቅቻለሁ።"

"ከማደንዘዣው ሐኪም ጋር ስንጨቃጨቅ ነው የቆየነው። ሙሉ በሙሉ አልተኛም ብዬዋለሁ። በወገብ መርፌ ይሁንልኝ አልኩት፣ እያጉረመረመ ተስማማ። ስክሪኑንም ወደ እኔ ያዞሩልኛል። ነቅቼ አይሻለሁ።"

ደስታ መጣብኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከደስታው ኋላ ላብ መጣ። የባለቤቱን ሆድ ባለቤቱ እያየኝ ልሠራው ነው።

"ሬዚደንቶቹንም ሁሉ ጠርቻለሁ፣ ሲማሩ ይዋሉ" አሉ ቀጥለው። "ስገባ ግን እንዳይነሱ ንገሪያቸው። ተኝቼ ነው የምገባው።"

"እሺ ፕሮፌሰር።"

"ቁርስሽን ብይ። እኔ ተከልክያለሁ።"

"እሺ።"

ስልኩን ግን አልዘጉትም። ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

"እጅሽ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ስልኩን የያዘውን እጄን አየሁት።

"አይደለሁም ፕሮፌሰር።"

"እኔም አይደለሁም" አሉና ዘጉት።